ቀትር ላይ ጥላው ወደ ደቡብ ለምን ወደቀ?

ጥያቄ፦ "ጣና ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ግንቦት 12 ቀን ልክ 6 ሰዓት ላይ ከተማሪዎቼ ጋር ግቢ ውስጥ አንድ ሜትር ዘንግ አቁመን ጥላውን ለካን። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ቀትር ላይ ጥላ ወደ ሰሜን እንደሚወድቅ ያሳያል። የእኛ ግን ወደ ደቡብ ምዕራብ ወደቀ። ርዝመቱ 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። አንዱ ተማሪ ደግሞ 'ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ከሆነች ጥላው መጥፋት አልነበረበትም ወይ?' ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ኮምፓሱ ተበላሽቶ ነው? ዘንጉ ጠምሞ ነው? ወይስ ባሕር ዳር ላይ ነገሩ ሌላ ነው?"

መልስ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። በቅድሚያ የሚያሳርፍዎትን ልንገርዎ። ኮምፓሱ ደህና ነው። ዘንጉም አልጠመመም። ልጆቹ በትክክል ለክተዋል። በባሕር ዳር፣ ግንቦት 12 ቀን 6 ሰዓት ላይ፣ የአንድ ሜትር ዘንግ ጥላ በስሌት 18.6 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። አቅጣጫውም ደቡብ ምዕራብ ነው። እናንተ 19 ገደማ አገኛችሁ። በግቢ አፈር ላይ፣ በተማሪ ማስመሪያ ለተለካ ነገር ይሄ እጅግ ጎበዝ ውጤት ነው። እባክዎ ይሄን ለልጆቹ ይንገሩልኝ።

ጉዳዩ ለእኔ ቅርብ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ "በግንቦት ወር ቀትር ላይ ፀሐይ በየት በኩል ትታያለች?" የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ መጣ። እኔ ከቤታችን ጓሮ ያየሁትን ጻፍኩ፤ "በሰሜን በኩል" አልኩ። ኤክስ ተደረገብኝ። ትክክለኛው መልስ "በደቡብ" ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የገዛ ዓይኔን ስጠራጠር ኖርኩ። ነገሩ የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስሌቱን ራሴ ስሠራው ነው። የእርስዎ ተማሪዎች እንደዚያ እንዲሆኑ አልፈልግም።

ሥዕሉ ከየት እንደመጣ እንይ። ይሄ ዓይነት ሥዕል በብዛት የሚሣለው አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ላሉ ተማሪዎች ነው። ለንደንን እንውሰድ። ለንደን ከምድር ወገብ 51.5 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቃለች። እዚያ ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ከፍ አለች በተባለችበት ቀን እንኳ ቀትር ላይ ከአድማስ 62 ዲግሪ ብቻ ነው የምትወጣው። አናት ላይ ደርሳ አታውቅም። ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት፤ ጥላም ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ ለለንደን ልጅ ሥዕሉ ልክ ነው። ለባሕር ዳር ልጅ ግን ከዓመቱ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው የሚነግረው። አራቱን ወር ትቶታል።

ባሕር ዳር ያለችው በ11.6 ዲግሪ ሰሜን ነው። ይሄን ቁጥር ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ ትልቅ አድርገው ይጻፉት፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ የሚፈታው በእሱ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ምድር እንደ እንዝርት ትሾራለች። እንዝርቷ ግን ቀጥ ብላ አልቆመችም፤ 23.4 ዲግሪ ዘንበል ብላለች። ዘንበል ያለችበት አቅጣጫ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ምድር ፀሐይን ስትዞር የሰሜኑ ጫፏ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ኮከብ እንዳመለከተ ነው። በዚህ የተነሳ በአንዱ ወቅት ሰሜኑ ገጽ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ደቡቡ። አንድ ብርቱካን ላይ ስፒል ሰክተው፣ ስፒሉን ወደ አንድ ግድግዳ አዘንብለው፣ በሻማ ዙሪያ ቢያዞሩት ልጆቹ በአንድ ደቂቃ ይገባቸዋል። ዋናው ነገር እየዞሩ ስፒሉን ከዚያ ግድግዳ አለማንሳት ነው።

በዚህ ማዘንበል ምክንያት ፀሐይ ቀትር ላይ በቀጥታ አናት የምትሆንበት ቦታ በየቀኑ ይንቀሳቀሳል። ያንን ቦታ ለአነጋገር እንዲቀለን "የአናት መስመር" እንበለው። መጋቢት 11 አካባቢ የምድር ወገብ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ጉዞ ይጀምራል። መጋቢት 27 አካባቢ አርባ ምንጭ ይደርሳል። ሚያዝያ 5 አካባቢ አዲስ አበባ። ሚያዝያ 12 አካባቢ ደግሞ ባሕር ዳር።

ከዚያ ነው ለእኔ ከሁሉም ደስ የሚለው የሚመጣው። በዚያ ሰሞን መስመሩ በቀን ወደ 38 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሚያዝያ 12 ባሕር ዳር ከነበረ፣ በማግስቱ ደቅ ደሴት ላይ ነው። ሚያዝያ 14 ጎርጎራ። ሚያዝያ 15 ጎንደር። ፀሐይ ጣናን ከዳር እስከ ዳር በሁለት ቀን ትሻገራለች ማለት ነው። ባሕር ዳር የተተከለ ዘንግ ጥላው ሲጠፋ፣ በዚያው ቀን ጎርጎራ የተተከለ ሌላ ዘንግ ወደ ሰሜን 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ይኖረዋል። በሁለት ቀን ውስጥ ይገለበጣል፤ የጎርጎራው ይጠፋና የባሕር ዳሩ ወደ ደቡብ ይወጣል።

ያ ተማሪዎ "ጥላው መጥፋት አልነበረበትም ወይ?" ያለው ልጅ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ይጠፋል። ግን በዓመት ሁለት ቀን ብቻ። አንደኛው ሚያዝያ 12 አካባቢ ነው፤ ይሄኛው አልፏችኋል። ሁለተኛው መስመሩ ወደ ደቡብ ሲመለስ ነው። መስመሩ ሰኔ 14 አካባቢ እስከ ደቡብ ግብፅ፣ እስከ 23.4 ዲግሪ ሰሜን ይደርስና ይዞራል። ሲመለስ ጎንደር ላይ የሚያልፈው በቡሄ፣ ነሐሴ 13 አካባቢ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ፍልሰታ በሚፈታበት በነሐሴ 16 አካባቢ፣ ባሕር ዳር ላይ ያልፋል። አዲስ አበባ ነሐሴ 24 አካባቢ፣ አርባ ምንጭ ጳጉሜን 2 አካባቢ። ቀኖቹ አንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን ሊንሸራተቱ ይችላሉ። በአንድ ሜትር ዘንግ ላይ የሚያመጡት ልዩነት ግን ግማሽ ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው።

ስለዚህ ከሚያዝያ 12 እስከ ነሐሴ 16 ድረስ፣ 124 ቀን ገደማ፣ የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። በሐይቁ በኩል ማለት ነው። ጥላ ደግሞ ወደ ደቡብ። በቀረው ስምንት ወር ፀሐይ በደቡብ ናት፣ ጥላም ወደ ሰሜን። የእናንተ ግንቦት 12 እዚያ አራት ወር ውስጥ ወደቀ። ሰሜን የሚያይ መስኮት ያለው ሰው ይሄን ሳያስተውለው ያውቀዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በዚያ መስኮት ፀሐይ ጨርሶ አይገባም፤ ግንቦት ላይ ግን ይገባል። ይሄ ነገር የባሕር ዳር ብቻም አይደለም። ኢትዮጵያ በጠቅላላ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ባለው ውስጥ ናት። ከሞያሌ እስከ አክሱም፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናቱ ላይ የማታልፍበት አንድም ከተማ የለንም። አገሩ ሁሉ ሐሩር ቀጣና ውስጥ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። ጥላው ቀጥታ ወደ ደቡብ ሳይሆን ወደ ደቡብ ምዕራብ ለምን ወደቀ? ይሄ የፀሐይ ሳይሆን የሰዓታችን ጉዳይ ነው።

ሰዓታችን የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ያ መስመር የሚያልፈው በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ባሕር ዳር ያለችው በ37.4 ዲግሪ ነው፤ 7.6 ዲግሪ ወደ ምዕራብ። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። 7.6 በ4 ሲባዛ 30 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ሬዲዮ "ስድስት ሰዓት" ሲል ባሕር ዳር ላይ ገና ቀትር አልሆነም። ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ይቀራታል። ገና በምሥራቅ በኩል ናት፤ ጥላውም ወደ ምዕራብ ይጎተታል።

በላዩ ላይ ሌላ ትንሽ ነገር ይጨመርበታል። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነና ዘንግዋ ስላዘነበለ፣ ፀሐይ በአንዳንድ ወር ትቀድማለች፣ በአንዳንዱ ትዘገያለች። ለዚህ ነው እውነተኛው የባሕር ዳር ቀትር የካቲት 4 አካባቢ 6 ሰዓት ከ45 የሚሆነው፤ ጥቅምት 24 አካባቢ ግን 6 ሰዓት ከ14። በእናንተ ቀን፣ ግንቦት 12፣ ቀትር የሆነው 6 ሰዓት ከ27 ላይ ነው። እናንተ 27 ደቂቃ ቀድማችሁ ለካችሁ።

ይሄን እንደ ጥፋት አይዩት። ከዚያው 19 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አንድ ቆንጆ ትምህርት ይወጣል። ጥላውን ለሁለት ይክፈሉት። ወደ ደቡብ የሄደው 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ይሄ ፀሐይ በሰሜን በኩል በመሆኗ የመጣ ነው። ወደ ምዕራብ የሄደው 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ይሄ ደግሞ ሰዓቱ ስለቀደመ የመጣ ነው። 15 ሲባዛ በራሱ 225። 11 ሲባዛ በራሱ 121። ድምሩ 346። የሱ ስኩዌር ሩት 18.6። ዘጠነኛ ክፍሎች ፓይታጎረስን ያውቁታል። በደብተር ላይ ከሚሠሩት ሦስት ጎን በላይ፣ ግቢያቸው መሬት ላይ የወደቀው ሦስት ጎን አይረሳቸውም።

እንግዲህ ድጋሚ ስትለኩ እንዴት ብታደርጉ ይሻላል? ከልምዴ የምመክረው ይሄ ነው። እንጨት ከምትጠቀሙ ቀጥ ያለ ፌሮ ፈልጉ። ቀጥ ብሎ መቆሙን በዓይን አትመኑ፤ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ቱምቢ ያንጠልጥሉበት። ቱምቢ ከሌለ ክር ላይ የታሰረ ድንጋይም ይሠራል። ዘንጉ አንድ ዲግሪ ቢያዘነብል ጥላው ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይሳሳታል። በተለይ ጥላ አልቦው ቀን ላይ ይሄ ነገሩን ሁሉ ያበላሸዋል። መሬቱም ውሃ ልክ ይፈልጋል። ሲሚንቶ የተለሰነ ቦታ ካለ ከአፈር በጣም ይሻላል።

ሰሜንን በኮምፓስ አትፈልጉ። የስልክ ኮምፓስ አጠገቡ ብረት ካለ ያብዳል፤ የእናንተው ፌሮ ራሱ ይረብሸዋል። ይልቅ ፀሐይን ራሷን ጠይቁ። ዘንጉ ሥር ክር አስራችሁ 50 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ሣሉ። ረፋድ ላይ የጥላው ጫፍ ክቡን ሲነካ ምልክት አድርጉ። ጥላው እያጠረ ገብቶ፣ ከቀትር በኋላ እየረዘመ ይወጣል። ሲወጣ ክቡን ድጋሚ የነካበትን ምልክት አድርጉ። ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ከዘንጉ ሥር ወደዚያ መስመር 90 ዲግሪ ሠርታችሁ ብትስቡ ሰሜንና ደቡብን አገኛችሁ። ይሄ ዘዴ ኮምፓስ ከመሠራቱ በፊት የነበረ ነው። ስህተቱም በጣም ትንሽ ነው።

የጥላው ጫፍ ደብዘዝ ብሎ እንደሚታይ ልጆቹ ይጠይቁዎታል። ፀሐይ ነጥብ ስላልሆነች ነው። ሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ትሰፋለች። ስለዚህ አንድ ሜትር ዘንግ ጫፉ ላይ 9 ሚሊ ሜትር ያህል የደበዘዘ ጠርዝ ይሠራል። የድብዛዜውን መሐል ይዛችሁ ለኩ። አንድ ነገር አደራ፦ ማንም ልጅ ፀሐይን በቀጥታ አያይ። በጉድጓድ ውሃ ወይም በሐይቁ ላይ የተንጸባረቀችውንም አይደለም። የምንለካው ጥላዋን ነው፤ ዓይናችን ሁልጊዜ ወደ መሬት።

ልጆቹ ቀጥለው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ከአሁኑ ይዘጋጁበት። "ፀሐይ ለእኛ ከፍ የምትለው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ከሆነ፣ ሐምሌና ነሐሴ ለምን አይሞቅም?" ይላሉ። ብዙ ሰው "ፀሐይ ስለምትርቅ ነው" ብሎ ይመልሳል። ርቀቱ እውነት ነው፤ ምድር ከፀሐይ በጣም የምትርቀው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፣ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። በጣም የምትቀርበው ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ገና ሲደርስ ነው፣ 147 ሚሊዮን ገደማ። ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ያም ሆኖ ጣና ዳር ሌሊቱ ብርድ የሚሆነው ፀሐይ በምትቀርብበት በታኅሣሥና በጥር ነው። ርቀት እንዳልሆነ ይሄ ራሱ ይመሰክራል።

እውነተኛው ምክንያት ደመናው ነው። ፀሐይ አናት ላይ የምታልፍበት ቦታ መሬቱ ይግላል፤ አየሩ ይነሳል። ከደቡብና ከምዕራብ እርጥብ አየር ይሳባል፤ ዝናብ ይሆናል። ይሄ የዝናብ ቀበቶ የአናት መስመሩን እየተከተለ፣ ትንሽ ዘግየት እያለ፣ ወደ ሰሜን ይወጣል። ክረምታችን እሱ ነው። ስለዚህ መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ፀሐይ ከፍ ብላለች፣ ደመናው ግን ገና አልመጣም፤ ባሕር ዳር የምትግለው ያኔ ነው። ሐምሌ ላይ ፀሐይ አሁንም ከፍ እንዳለች ናት፤ ግን ደመና ጋርዷታል፣ መሬቱም ርሶ ቀዝቅዟል። የዓባይን ውሃ የሚሞላው ዝናብ በዚህች ፀሐይ ጉዞ የተጎተተ ነው። ለእኔ ሥነ ፈለክና እርሻ እዚህ ላይ አንድ ናቸው።

በዚሁ አጋጣሚ ሶላር ለሚያስተክሉ ሰዎች አንድ ቃል። ለሰሜን አገር የተጻፈ መመሪያ ፓኔሉን 35 ወይም 40 ዲግሪ ወደ ደቡብ አዘንብሉ ይላል። ባሕር ዳር ላይ ይሄ ብዙ ነው። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃል፤ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበውም ይረዳል።

የ11.6 ዲግሪን ነገር ማታም ማየት ይቻላል። ሐይቁ ዳር ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ውሃው፣ ወደ ሰሜን አዙሩ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ቡጢ ጨብጡ። የተዘረጋ ክንድ ላይ ያለ ቡጢ ወደ 10 ዲግሪ ይሸፍናል። ቡጢውን አድማሱ ላይ አስቀምጡት። ከቡጢው ትንሽ ከፍ ብሎ የሚታየው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከቦታው የማይነቃነቀው ኮከብ የሰሜን ኮከብ ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚርቀው በቆማችሁበት ኬክሮስ ልክ ነው ማለት ይቻላል። ዘንጉ ቀን የነገራችሁን ቁጥር ኮከቡ ማታ ይደግምላችኋል። ዞር ብላችሁ ወደ ደቡብ ብታዩ ደግሞ፣ በሚያዝያና በግንቦት ምሽት የደቡብ መስቀል የሚባሉት ኮከቦች ዝቅ ብለው ይታያሉ። ለንደን ያለ ሰው እነሱን ከቤቱ አያያቸውም።

ጨረቃም እንደዚሁ። ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት አዲሷ ጨረቃ ማታ በምዕራብ ስትታይ፣ መጽሐፍ ላይ እንዳለችው በጎኗ አትቆምም። ጀርባዋ ላይ ተጋድማ ሁለቱ ጫፎቿ ወደ ላይ ይሆናሉ፤ ልክ ጣና ላይ እንደሚሄደው የደንገል ታንኳ። ምክንያቱ ያው ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ወደ ጎን እያዘገመች ሳይሆን ቀጥ ብላ ነው። ጨረቃን የምታበራትም ከሥር በኩል ይሆናል።

አሁን የመጨረሻውን፣ ለእርስዎ በጣም የምፈልገውን ላምጣ። ከ2,200 ዓመት በፊት ኤራቶስቴኔስ የሚባል ሰው የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። ከደቡብ ግብፅ፣ ዛሬ አስዋን ከምትባለው ከተማ፣ አንድ ነገር ሰማ። በዓመቱ ረጅሙ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ የፀሐይ ብርሃን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ታች ይገባል። እሱ ባለበት በእስክንድርያ ግን በዚያው ቀን ጥላ አለ። ለካው፤ የክብ አንድ ሃምሳኛ ሆነ፣ 7.2 ዲግሪ። በሁለቱ ከተሞች መሐል ያለው ርቀት በዘመኑ መለኪያ 5,000 ስታድየም ነው ተባለ። በ50 ሲያባዛው የምድር ዙሪያ 250,000 ስታድየም ወጣው። ከግብፅ ሳይወጣ፣ በጥላ ብቻ፣ ምድርን ለካ።

አስዋንን የሚያልፈው ወንዝ ከእናንተ ከተማ ጫፍ ከጣና የሚነሳው ዓባይ ነው። ልጆቹ ድልድዩ ላይ ቆመው የሚያዩት ውሃ ወደዚያ ጉድጓድ አገር ነው የሚሄደው። ታሪኩን ሲነግሯቸው ከዚያ ይጀምሩ።

ለዚህ ሥራ ደግሞ እኛ ከኤራቶስቴኔስ የተሻለ ቦታ አለን። አስዋንና እስክንድርያ በአንድ ኬንትሮስ ላይ አይደሉም፤ 3 ዲግሪ ይለያያሉ። ባሕር ዳርና አርባ ምንጭ ግን አንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ባሕር ዳር 37.4፣ አርባ ምንጭ 37.55። ቀትራቸው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይለያይም። በመሐላቸው ያለው የአየር ርቀት 620 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ የጣና ልጅ፣ ሌላው የአባያና የጫሞ።

እንዲህ ያድርጉ። አርባ ምንጭ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር ይነጋገሩ። ጥላ አልቦው ቀን እናንተ ጋ ሲሆን፣ እነሱ በዚያው ሰዓት የአንድ ሜትር ዘንግ ጥላ ይለኩ። ወደ ሰሜን ሳይሆን ወደ ደቡብ እንደሚወድቅ ከአሁኑ አይንገሯቸው፤ ራሳቸው ያግኙት። 9.8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያገኛሉ። ያ ማለት 5.6 ዲግሪ ነው። ክብ ሙሉው 360 ዲግሪ ነው፤ 360 ለ5.6 ሲካፈል 64.3 ይመጣል። 64.3 በ620 ሲባዛ 39,866 ኪሎ ሜትር። በዋልታዎቹ በኩል የሚለካው እውነተኛው የምድር ዙሪያ 40,008 ኪሎ ሜትር ነው። በሁለት ፌሮና በአንድ የስልክ ጥሪ ይሄን ያህል መቅረብ ይቻላል።

ጎንደር ይቀርባል ብለው ከጎንደር ጋር ለመሥራት እንዳይፈተኑ። ጎንደርም በመስመሩ ላይ ናት፤ ግን ልዩነቱ አንድ ዲግሪ ብቻ ስለሆነ የጥላው ርዝመት 1.8 ሳንቲ ሜትር ነው የሚሆነው። በዚያ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ብትሳሳቱ የምድር ዙሪያ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ይዛባል። ርቀቱ ሲሰፋ ስህተቱ ይጠብባል።

ነሐሴ 16 ላይ ሰማዩ ሊጨልምባችሁ ይችላል፤ ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። ሰፈር ያሉ ጥቂት ልጆች ይዘው ይሞክሩ፤ ቀትሩ 6 ሰዓት ከ33 ላይ ነው። ካልሆነ የሚያዝያው 12 ይሻላል፤ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው፣ ቀትሩ 6 ሰዓት ከ29። ያን ቀን ልጆቹን ወደ ከተማው ዘንባባዎች ይውሰዷቸው። የዘንባባው ጥላ ተሰብስቦ ግንዱ ሥር ሲገባ ይዩት። ፎቶም አንሱ።

እስከዚያ ዘንጉን ከቦታው አይንቀሉት። ሰኔ 14 ቀን፣ ደመናው ከፈቀደ፣ 6 ሰዓት ከ32 ላይ ይለኩ፤ ወደ ደቡብ 21 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ የዓመቱ ትልቁ የደቡብ ጥላ። መስከረም ሲጠባ ጥላው ወደ ሰሜን ዞሮ ልጆቹን ይጠብቃቸዋል። ታኅሣሥ 13 አካባቢ ወደ ሰሜን 70 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በየሁለት ሳምንቱ የጥላውን ጫፍ ሲሚንቶው ላይ በምስማር ይጫሩና ቀኑን ከጎኑ ይጻፉበት። 21 በደቡብ፣ 70 በሰሜን፣ መሐሉ ላይ ዘንጉ። ያንን መስመር ፎቶ አንስተው ቢልኩልኝ በጣም ደስ ይለኛል። ያን ጥያቄ የጠየቀውን ልጅም ምስማሩን እሱ ይያዝ።